ቅቤ የነካው ሸራ

ባለፈው ጥር ከሐረር ወደ ጅጅጋ በሚሄድ ሚኒባስ ካራማራን ስንወጣ፣ ከላይ የሚወርድ አንድ የጭነት መኪና በአጠገባችን አለፈ። ፍሬኑ ግሎ ነበር። ያንን ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የተቃጠለ ፀጉርና የተቃጠለ ጎማ የተቀላቀለበት፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀመጥ ሽታ ነው። ተሳፋሪው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ መስኮት ሲዘጋ እኔ የራሴን ከፈትኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ "ምነው ልጄ፣ ልትገድይን ነው እንዴ?" አሉኝ። ይቅርታ ጠይቄ ዘጋሁት። ግን የፈለግኩትን አሽትቼ ጨርሻለሁ። ኮሰረት የለበትም።

ኮሰረትና ኮረሪማ ያለበት የፍሬን ሽታ በሕይወቴ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሸተተኝ። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር፣ ስድስተኛ ክፍል። ፋሲካ ካለፈ ከሳምንት በኋላ ረመዳን የገባበት ዓመት ነው፤ ክርስቲያኑ የሁዳዴን ጾም ፈትቶ ቅቤ ሲያሳድድ ሙስሊሙ ጾም የያዘበት። እኛ ቤት ደግሞ ያን ሰሞን እናቴ የለችም። ታናሽ እህቷ ድሬዳዋ ወልዳ አራስ ልትጠብቅ ሄዳለች። ቤት ውስጥ የቀረነው አባቴና እኔ ብቻ ነን።

አባቴ ጌታቸው ከሐረርና ከባቢሌ ሽንኩርትና ቲማቲም ወደ ጅጅጋ የሚያመላልስበት አሮጌ ፒካፕ ነበረው። ምግብ ማብሰል አያውቅም። ትንሽ አጋነንኩ፤ አንድ ነገር ያውቃል፣ ጨጨብሳ። ቂጣውን ይጋግርና ቆራርሶ፣ እናቴ ተመልሳ እስክትመጣ ይበቃል ብላ የተወችውን ንጥር ቅቤ በማንኪያ ሳይሆን በጭልፋ ያፈስበታል። ቁርስ ጨጨብሳ፣ ምሳ ጨጨብሳ። ምሳ ዕቃዬን ዘንበል ሳደርገው ቅቤው ከጥግ ወደ ጥግ ይሄድ ነበር።

እናቴ ልትሳፈር ስትል አንድ ነገር አስጠንቅቃኛለች። "ሰው ጾሞ ባለበት ምሳ ዕቃ እንዳትከፍቺ። ነውር ነው፣ አደራ።" እኔ ደግሞ ነውር ነው ከተባልኩ ከተባልኩት በላይ የምሄድ ልጅ ነበርኩ። ለምን ነውር እንደሆነ ለብቻዬ አሰብኩበት። እናቴ በሁዳዴ ቅቤ የነካ ማንኪያ ከጾሙ ማንኪያ ጋር እንዳይቀላቀል ለብቻው ነው የምታስቀምጠው። አንድ ጊዜ በተሳሳተ ማንኪያ ሽሮ አማስዬባት ድስቱን እንዳለ ለጎረቤት ልጆች ሰጥታዋለች። እንግዲህ ቅቤ የነካው ነገር ሁሉ ጾም ያስገድፋል ማለት ነው። ሙስሊሞች ደግሞ ውኃ እንኳ አይጠጡም፣ ስለዚህ የነሱ ጾም ከኛ ጾም ይልቅ ስስ መሆን አለበት፤ ሽታ ብቻውን ይበቃዋል። እንዲህ ብዬ ደመደምኩ። ማንንም አልጠየቅኩም፣ ምክንያቱም እርግጠኛ ነበርኩ።

የፒካፑ ፍሬን ማፏጨት የጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። አባቴ ወደ አዴር ጉሌድ ጋራዥ ወሰደው። አዴር በሶማሊኛ የአባት ወንድም ማለት ነው፤ ጅጅጋ ውስጥ ግን በዕድሜ ጠና ያለ ወንድ ሁሉ ለልጅ አዴር ነው። እኚህኛው ረጅም፣ ጢማቸውን ሂና የሚቀቡ፣ መነጽራቸውን በጫማ ማሰሪያ አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ ሰው ነበሩ። በወጣትነታቸው የመንግሥት መኪና ሲነዱ አገሩን ዞረው አማርኛ ተምረዋል። ከአባቴ ጋር የሚቀላለዱት ሁሉ በአማርኛ ነው። ዓይናቸው ሩቅ እንጂ ቅርብ አያይላቸውም። ካራማራ ላይ ያለውን ግመል ይቆጥራሉ፣ እጃቸው ላይ ያለውን ብሎን ግን በጣታቸው ዳብሰው ነው የሚያውቁት። ከሁሉም በላይ የሚያምኑት አፍንጫቸውን ነበር። ዘይቱን ያሸታሉ፣ የፍሬኑን ሸራ ያሸታሉ፣ የመኪናውን ቁልፍ እንኳ ሲቀበሉ ሳያሸቱ አይቀሩም።

ትምህርቴ በጠዋት ፈረቃ ስለነበር ከቀትር ጀምሮ ብቻዬን ቤት እንዳልቀመጥ አባቴ ጋራዡ ያደርሰኝና ጉዳዩን ሊያይ ወደ ገበያ ይሄዳል። በረመዳን ጋራዥ ከሰዓት በኋላ ዝም ይላል። ጫት የለ፣ ሻይ የለ፣ ጨዋታ የለ። ወጣቶቹ መካኒኮች በየመኪናው ሥር ካርቶን አንጥፈው ይተኛሉ። የማይተኙት አዴር ብቻ ናቸው።

"ፍሬን የሚሠራው በጾም ነው" ይሉኝ ነበር። "በሌላ ጊዜ ሰው ሩዝና ሥጋ በእጁ በልቶ ይመጣል፣ ታጠብኩ ይላል፣ አልታጠበም። በጾም የሁሉም እጅ ደረቅ ነው። ፍሬንና ቅባት ጠላት ናቸው፣ ገባሽ አባዮ?"

አባዮ እህቴ ማለት ነው። እኔን እንዲህ ነበር የሚጠሩኝ። ገብቶኛል አልኩ። ያኔ የምሳ ዕቃዬ ሽፋን በቦርሳዬ ውስጥ በላስቲክ ሁለት ጊዜ ታስሮ ነበር።

በመጀመሪያው ቀን የኋላውን ጎማ አውልቀው አሳዩኝ። ከጎማው ኋላ እንደ ድስት የተደፋ ብረት አለ፤ ታምቡር ይሉታል። ታምቡሩ በመዶሻ ዙሪያውን ተመትቶ ሲወጣ፣ ውስጡ ፊት ለፊት የተያዩ ሁለት ማጭድ የመሰሉ ብረቶች ይታያሉ። ጀርባቸው ላይ ሸራ የሚሉት ግራጫ ንጣፍ ተመትቶባቸዋል። ፍሬን ሲረገጥ ሁለቱ ወደ ውጭ ተገፍተው ታምቡሩን ከውስጥ ይይዙታል። መኪናን የሚያቆመው ይህ ብቻ ነው። ያንን ሁሉ ሽንኩርት፣ አባቴን፣ ቁልቁለቱን የሚይዘው ከመዳፌ ብዙም የማይሰፋ ሸራ መሆኑን ሳይ ደነገጥኩ። አዴር ደስ አላቸው።

"የደነገጠ ሰው ይማራል" አሉ።

ሁለት ጎማ በአንድ ጊዜ አይፈታም። "ግራውን ስትፈቺ ቀኙ ደብተርሽ ነው" ይሉኛል። ሁለቱን ብረቶች ስቦ የሚይዘው ሞላ በየትኛው ቀዳዳ እንደገባ ከጠፋን ወዲያ ማዶ ሄጄ አይቼ እመጣለሁ፤ ሁሉም እንደ መስታወት ተገልብጦ ማንበብ ነው። አጭሩ ሸራ ወደ ፊት፣ ረጅሙ ወደ ኋላ። አቧራው አይነፋም፣ በሳሙና ውኃ ይታጠባል። ግራሶ የሚፈቀደው ብረቱ ከብረት በሚፋተግበት ስድስት ቦታ ላይ ብቻ ነው፣ እሱም ከጤፍ ፍሬ በላይ አይሆንም። ሸራው በብረቱ ጠርዝ ይያዛል እንጂ ፊቱ አይነካም። ሲያስተምሩኝ ቁጣ የላቸውም፤ ግን አንድ ነገር ሁለት ጊዜ አይናገሩም። የኔ ቀጫጭን ጣቶች የእሳቸው ጣት የማይደርስበት ስለሚደርሱ ከሁለት ቀን በኋላ ትንንሾቹን መያዣዎች የምገጥም እኔ ሆንኩ። በጣም ኮራሁ። ትምህርት ቤት ውስጥ እንኳ "ሥራ አለብኝ" ማለት ጀመርኩ።

ከሕጎቻቸው ሁሉ የሚበልጠው የመጨረሻው ነበር። ፍሬን የሠራ ሰው የመጀመሪያዋን ጉዞ አብሮ ይሳፈራል። ካራማራን ወጥቶ፣ በወዲያ በኩል ወርዶ፣ መመለስ። እጁን ያስገባ ሁሉ ይሳፈራል፣ ለሌላ ሰው አይላክም። "ፍሬን ይሉኝታ አያውቅም" ይላሉ። "ያጠፋሽውን አይሸፍንልሽም።"

ምሳዬን የምበላው ከግቢው ጥግ የቆመ፣ ጎማም ሞተርም የሌለው የአውቶቡስ ቀፎ ውስጥ ነበር። ሁሉም ሲተኛ ሽንት ቤት የምሄድ መስዬ እገባለሁ። የመጨረሻው ወንበር ሥር ተጎንብሼ፣ ጨጨብሳውን ሳላላምጥ እውጣለሁ። ጆሮዬ ውጭ ነው። ንፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ በጣቴ ምራቅ ነክቼ እለካ ነበር፤ ወደ አዴር የሚነፍስ ከሆነ ሳልበላ እውላለሁ። ሲያበቃ እጄን መታጠብ አልችልም፤ ውኃው ያለበት በርሜል አዴር የሚሠሩበት ጎን ነው፣ በጠራራ ፀሐይ በኦሞ እጇን የምትፈትግ ልጅ ደግሞ ምን እንደበላች የታወቀ ነው። ስለዚህ በአፈር አሽቼ በቀሚሴ የውስጥ እጥፍ እጠርጋለሁ። ቅቤ በአፈር ይለቃል ብዬ አምን ነበር። አይለቅም።

አንድ ቀን አዴር ከሶላት ተመልሰው አጠገቤ ተቀመጡና ያለ ምንም ምክንያት "ይህን ረመዳን አላህ ሙሉውን ቢቀበለኝ ሌላ አልፈልግም" አሉ። "በዚህ ዕድሜ ቀጣዩን ማን ያውቃል?" ለኔ ሳይሆን ለራሳቸው ነበር የተናገሩት። እኔ ግን ሰማሁ። ሙሉውን የሚለው ቃል ሆዴ ውስጥ ገብቶ ተቀመጠ።

ያቺ ቀን ሐሙስ ነበረች። ሦስት ጎማ ጨርሰን የፊት ግራ ብቻ ቀርቶናል። ከአውቶቡሱ ቀፎ ወጥቼ፣ እጄን እንደ ልማዴ በአፈር አሽቼ መጣሁ። አዴር ሞላውን በፒንሳ ስበው "ያዢው፣ ጠርዙን" አሉኝ። ያዝኩ። ሞላው አመለጠ። ሸራው ከእጄ ሊወድቅ ሲል ሳላስብ በመዳፌ ሙሉ ቀለብኩት። በፊቱ በኩል።

ሳነሳው አምስቱም ጣቶቼ እዚያ ነበሩ። ግራጫው ሸራ ላይ የሚያብረቀርቅ እጅ። አዴር መሬት ላይ የሞላውን ጫፍ በዳበሳ እየፈለጉ ነው። ከጎኔ ያገኘሁትን ጨርቅ አንስቼ ጠረግኩት። ማሸቴን ስቀጥል እጁ ጠፋ፣ በቦታው ግን ሰፊ ጥቁር ነገር ተዘረጋ። ጨርቁን አየሁት። ግራሶ የሚጠረግበት ጨርቅ ነው፤ ለጎማው ኩሽኔታ ያዘጋጀነው። ከድጡ ወደ ማጡ ገባሁ።

"ፊቱን ነካሽው?" አሉ አዴር፣ ቀና ሳይሉ።

"አልነካሁም።"

ሸራውን ተቀበሉኝ። በጠርዙ ይዘው እንደ ልማዳቸው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ከዚያ ቆም አሉ። መጀመሪያ ሸራውን፣ ቀጥሎ እኔን አዩ፤ ቅርብ እንደማያዩ ባውቅም ያዩኝ መሰለኝ። ፊታቸውን ወደ ሰማይ አዙረው ቀስ ብለው "አስተግፊሩላህ" አሉ። ይህ ቃል ይቅርታ መጠየቂያ መሆኑን ክፍሌ ካሉ ልጆች አውቃለሁ። በቃ፣ ገደፉ፤ ጾማቸውን አስገደፍኳቸው። ሸራውን ገጠሙ፣ ታምቡሩን መልሰው ከደኑት።

ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚባለው እንዲህ ነው። በዚያች ቅጽበት ብናገር ነገሩ ቀላል ነበር፤ ሸራ ይቀየራል። እኔ ግን የማስበው ስለ ሸራው አልነበረም። "እጄ ቅቤ ነበረበት" ካልኩ የሸተታቸው እውነት ቅቤ መሆኑን አረጋግጥላቸዋለሁ። ካልተናገርኩ ደግሞ ምናልባት ሌላ ነገር መስሏቸው ጾሙ ይተርፋል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ስለ እግዚአብሔር የሰማሁትን ሁሉ ደምሬ ያገኘሁት መልስ ይህ ነበር። በማግስቱ አርብ፣ አባቴ ፔዳሉን ሲረግጥና ሲለቅ እኔ ከጎማው ሥር ሆኜ በቀጭኗ ቱቦ የሚወጣውን የፍሬን ዘይት እጠብቃለሁ፤ ጠርሙሱ ውስጥ የአየር አረፋ እስኪጠፋ ድረስ። አረፋው ጠፋ። ሁሉም ነገር ንጹሕ መሰለ። ሦስቱን ጎማዎች እየዞርኩ አያለሁ፣ አራተኛውን ግን አላየውም።

ቅዳሜ ጠዋት ተነሣን። አባቴ መሪው ላይ፣ አዴር በበሩ በኩል፣ እኔ መሃላቸው። ጭነት የለም። ከተማው ውስጥ አባቴ ደጋግሞ ረገጠ፤ ፒካፑ ቀጥ ብሎ ቆመ። "እግዜር ይስጥልኝ አዴር፣ አዲስ መኪና አደረጋችሁልኝ" አለ። እኔም ተነፈስኩ። እንግዲህ ምንም አልሆነም አልኩ፤ ቅቤ እንደሆነ ትንሽ ነገር ነው፣ አፈሩ ወስዶታል። ግን ሸራው ገና እንዳልሞቀ አላሰብኩም።

ዳገቱን ስንወጣ ሞተሩ ይጮሃል፣ ሁለቱ ይጨዋወታሉ። ጫፍ ላይ ካለው ኬላ አንድ ወታደር አስቆመን።

"ምን ጫናችሁ?"

"ምንም" አለ አባቴ። "ፍሬን ተሠርቶ እየሞከርን ነው።"

ወታደሩ እኔን አይቶ ሳቀ። "ለመሞከሪያ ይቺን ሕፃን ነው የያዛችሁት?"

አዴር እጃቸውን ጭንቅላቴ ላይ ጣል አደረጉ። "የሠራችው እሷ ናት። እኛ ነን ለመሞከር የመጣን።"

ያቺን እጅ እስከ ዛሬ ጭንቅላቴ ላይ አውቃታለሁ፤ ከባድና ሙቅ። ማልቀስ ፈለግኩ። ተናገሪ፣ ተናገሪ እላለሁ ለራሴ። ወታደሩ ገመዱን አወረደ። ቁልቁለቱ ጀመረ።

የመጀመሪያውን ኩርባ በደህና ዞርን። አባቴ ፍሬኑን ያዝ፣ ለቀቅ ያደርጋል። በሁለተኛው ላይ መሪው ትንሽ ወደ ቀኝ ሄደበትና መለሰው። "መንገዱ ነው" አለ። መንገዱ አልነበረም። እንደገና ሲረግጥ እንደገና ወደ ቀኝ። በቀኝ በኩል ያለው ገደሉ ነው። ከታች ሜዳው ከሩቅ ይታያል፣ በመካከል ምንም የለም። ያኔ ሽታው በወለሉ ቀዳዳ ገባ። መጀመሪያ የፍሬን ሽታ። ከዚያ ውስጡ የእናቴ ወጥ ቤት። ኮሰረት፣ ኮረሪማ፣ ምጣድ ላይ የቀለጠ ቅቤ።

"አባዬ አቁም!" ብዬ ጮህኩ። "ጨጨብሳ በልቼ ነበር!"

አባቴ "ምን?" አለ። "አሞሻል? ሊያስመልስሽ ነው?"

"በልቼ ነበር! እጄን አልታጠብኩም! ሸራውን ነካሁት፣ ግራሶም ነካው!"

የአባቴ እግር ለመርገጥ ተነሣ። አዴር አንድ እጃቸውን በኔ ላይ አሳልፈው ጉልበቱን ያዙት።

"እንዳትረግጥ! የቱ ነው አባዮ? የቱ ጎማ?"

"የፊቱ ግራ!"

"ጌታቸው፣ ከረገጥክ ከፊት ቀኙ ብቻ ነው የሚይዝ፣ ገደል ይዞህ ይገባል። ማርሽ ቀንስ። ቀንስ። አሁንም ቀንስ። የእጁን ፍሬን እኔ እስባለሁ፣ አንተ መሪ ብቻ።"

ሞተሩ እንደ እንስሳ ጮኸ። አዴር የእጅ ፍሬኑን እንደ ሕፃን እጅ ቀስ እያሉ ሳቡት። ትልቁ ኩርባ እየቀረበ፣ እየቀረበ፣ ፍጥነታችንም እየቀነሰ፣ ግን ከሁለቱ የትኛው እንደሚቀድም አላውቅም። በሁለት እጄ የአዴርን ሽርጥ ጨብጫለሁ። ኩርባው ከመድረሱ በፊት በግራ በኩል ጠጠር የተከመረበት ቦታ ነበር። አባቴ መሪውን ወደዚያ አዞረ። ጎማዎቹ ጠጠሩ ውስጥ ገቡ፣ ሁላችንም ወደ ፊት ሄድን፣ ፒካፑ ቆመ።

አባቴ ወርዶ ከጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አስደገፈ። እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ። ወደኔ መጣና አነሣው። አባቴ መቶኝ አያውቅም፤ ያን ቀን ሊመታኝ ነበር፣ እኔም ይገባኛል ብዬ ቆሜ ጠበቅኩት።

"ጌታቸው" አሉ አዴር። "የምትመታ ከሆነ ከኔ ጀምር።"

"እርስዎ ምን አደረጉ?"

"ቆይ፣ እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ይቀዝቅዝ።"

ታምቡሩ ይጨሳል። ውኃ አይፈስበትም፣ ይሰነጠቃል። እስኪቀዘቅዝ ከፒካፑ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ፀሐይዋ መሃል አናት ላይ ናት፣ የአዴር ከንፈር ነጭ ሆኗል። አባቴ "ሳይቃጠል በቅጠል አይባልም እንዴ? ምን ነበር ሐሙስ ዕለት ብትናገሪ?" አለኝ፣ አሁን ድምፁ ተሰብሮ።

"የአዴር ጾም እንዳይፈርስ ነው" አልኩ። አልቅሼ ስጨርስ ሁሉንም ተናገርኩ። የአውቶቡሱን ቀፎ፣ ንፋሱን፣ የእናቴን ማንኪያ፣ አስተግፊሩላህ ያሉበትን። "ቅቤ ሸቶዎት ጾምዎን አስገደፍኩዎት። ሙሉውን እንዲቀበልዎት ፈልገው ነበር።"

አዴር ሊስቁ ይሁን ሊያለቅሱ አልገባኝም፤ ሂና የተቀባው ጢማቸው ይንቀጠቀጣል።

"ወላሂ" አሉ በመጨረሻ። "ወላሂ ሁለታችን አንድ ነን። አባዮ፣ ሽታ ጾም አያፈርስም። ሚስቴ ከቀትር ጀምሮ ሳምቡሳ ስትጠብስ ማነው ሲያሸት የሚውለው? ምግብሽ ደግሞ ገና የመጣሽ ቀን ነው የሸተተኝ። ከአውቶቡሱ ስትወጪ ሁሌም አውቃለሁ። ልጅቱ ፈርታ ተደብቃ ትበላለች፣ አየሁሽ ብላት ታፍራለች ብዬ ተውኩሽ። ሐሙስ ዕለት ሸራውን ሳሸት ቅቤ ሸተተኝ። ከሸራው ይሁን ከአንቺ አልለየሁም። ለመለየት እጅሽን ማሽተት ነበረብኝ። ያኔ መብላትሽን እንዳወቅኩ ታውቂያለሽ። አፈርኩ። አስተግፊሩላህ አልኩና ገጠምኩት።" ወደ አባቴ ዞሩ። "ሠላሳ ዓመት ፍሬን ይሉኝታ አያውቅም እያልኩ የማስተምር እኔ ነኝ። የምትመታው ካለ ይኸው።"

አባቴ ማንንም አልመታም። ራሱን ይዞ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ታምቡሩ ሲቀዘቅዝ ፈታነው። ሸራው ላይ የኔ እጅ ተመልሶ መጥቷል፤ ሙቀቱ አውጥቶት፣ ጥቁር፣ አምስት ጣት ያለው። አዴር መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት። ዘይት የጠጣ ሸራ አይድንም፤ ለመመለሻ ያህል በብርጭቆ ወረቀት ፋቅነው። በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቅን ዳገቱን ወጣን፣ በጅጅጋ በኩል ያለችውንም ቁልቁለት እንደ ኤሊ ወረድናት። ኬላው ላይ ያ ወታደር "እንዴት ነው ፍሬኑ?" ሲለን አዴር "ተምረናል" ብለው መለሱለት።

ሌላ ሸራ ከድሬዳዋ እስኪመጣ አራት ቀን ፈጀ። እኔ ወደ ጋራዡ መመለስ አልፈለግኩም። አባቴ ግን ጎትቶ ወሰደኝ፣ አዴር ልከውብኛልና። ስደርስ ከበርሜሉ አጠገብ፣ ልክ ከሚሠሩበት ፊት ለፊት፣ አንድ በርጩማ አስቀምጠዋል። መካኒኮቹ አልተኙም፤ ነገሩ ተወርቶ ሁሉም ዓይናቸውን አፍጥጠው ይጠብቃሉ።

"ተቀመጪ" አሉኝ። "ምሳ ዕቃሽን ክፈቺ።"

"አዴር፣ እባክዎ..."

"ብዪ። ከዛሬ ጀምሮ የምትበዪው እዚህ ነው፣ እኔ እያየሁሽ። ጾሜ የኔ ነው፣ አንቺ አትደርሺበትም። ፍሬኑ ግን የሁላችን ነው።"

ከፈትኩት። ጨጨብሳ ነው፤ አባቴ ምንም አልተማረም። ሽታው ግቢውን ሞላው። እንደዚያ ቀን ምግብ መዋጥ ከብዶኝ አያውቅም፤ እያንዳንዷን ጉርሻ ከእንባዬ ጋር ነው ያወረድኳት። አዴር ክንዳቸውን አጣጥፈው ቆመው፣ ከንፈራቸው ደርቆ፣ እስክጨርስ ጠበቁኝ። አንዱ ወጣት መካኒክ ምራቁን ሲውጥ ሁሉም ሳቁ፣ እኔም ሳላስበው ሳቅኩ። ስጨርስ ራሳቸው ውኃ ቀዱልኝ፣ ኦሞ በመዳፌ ላይ አፈሰሱልኝ። ሁለት ጊዜ አስታጠቡኝ።

ከዚያ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙና ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ጣቶቼን አንድ በአንድ አሸተቱ፣ አሥሩንም፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ሳያፍሩና ሳያሳፍሩኝ። ሲጨርሱ አዲሱን ሸራ አነሡና ሰጡኝ።